የቤት ገዢው ጥያቄ አልበዛም፦ ስለ ቤት እድሳት ትርኢቶች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ የውጭ አገር የቤት እድሳት ትርኢቶች በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት የሚገዛውን ሰው ምን ያህል እንደለወጡት በሰፊው ጽፈዋል። ጉዳዩን ማንሳታቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም ቤት ለአብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገዛው ነገር ሆኖ ሳለ፣ ገዢው የሚሸጠውን ግቢ ሲረግጥ ዓይኑ ምን እንደሚፈልግና ፍላጎቱን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በአያት፣ በሰሚት፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የፊኒሺንግ (የቤት ማጠናቀቂያ) ሥራ ስሠራ፣ ከገዢዎችም ጋር እየዞርኩ ቤት ሳይ የኖርኩ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ጸሐፊው የደረሱበትን ድምዳሜ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ትርኢቶቹ ገዢውን ከአቅሙ በላይ አስመኝተውታል፤ የቀደመው ትውልድ ግን ጣሪያና ግድግዳ ካገኘ ይበቃው ነበር፤ የቤት ዋጋ የናረውም በዚሁ ምኞት የተነሣ ነው፤ ከሳሎን ጋር የተገናኘ ክፍት ወጥ ቤት ባህላችንን ያፈርሳል፤ በቴሌቪዥን በሳምንት የሚያልቀው እድሳት እኛ ዘንድ ወራት የሚፈጀው በሠራተኛው ስንፍና ነው፤ መፍትሔውም ትርኢቶቹን መተው ነው። ትርኢቶቹ በገዢው ላይ ተጽዕኖ አላቸው በሚለው መነሻቸው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የምለያቸው ተጽዕኖው ምን እንደሆነ ሲናገሩ ነው። እኔ እንዳየሁት ገዢው ከቤት ሻጩ የሚጠይቀው ከሚገባው በታች ነው፤ ትርኢቶቹ ያደረጉት ትልቁ ጉዳትም ዓይኑን ቤቱ ላይ ላዩን ብቻ እንዲያይ ማስለመዳቸው ነው።

ከመጀመሪያው ነጥባቸው ልነሣ። ባለፈው ታኅሣሥ ከሁለት ወጣት ባልና ሚስት ጋር ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚሸጥ ጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ) ቤት ለማየት ሄድን። የባልየው እናትም አብረውን ነበሩ። ሚስትየዋ በስልኳ ያጠራቀመቻቸውን ፎቶዎች ከፍታ ይዛለች፤ አብዛኞቹ ከእድሳት ትርኢቶች የተወሰዱ ነጫጭ ሳሎኖችና ሰፋፊ ወጥ ቤቶች ናቸው። ደላላው በሩን ከፍቶ ሲያስገባን ኮርኒሱ ጂፕሰም መሆኑን፣ ከኮርኒሱ ጠርዝ የተደበቀው መብራት ቀለም እንደሚቀያይር፣ ወለሉ ፖርስሊን እንደሆነ አንድ በአንድ ቆጠረ። ባልና ሚስቱ የጠየቁትም እነዚህኑ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ስንዞር መሠረቱ ምን ያህል ተቆፈረ፣ ፌሮው (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት) ስንት ቁጥር ነው፣ የሴፕቲክ ታንኩ የት ነው፣ የጣሪያው ውሃ በየት ይወርዳል የሚል ጥያቄ ከአንዳቸውም አልወጣም።

እናቲቱ ግን መታጠቢያ ቤቱን ባዩ ጊዜ ከጥበቃው ውሃ በጆግ አስመጥተው ወለሉ ላይ አፈሰሱት። ውሃው ወደ ማስረጊያው መሄድ ሲገባው ቀስ እያለ ወደ በሩ መጣ፤ ግማሹም ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተኛ። «ልጄ፣ ይኼ ውሃ ወደ መኝታ ቤት ነው የሚገባው» አሉ። ደላላው ቀላል ነገር እንደሆነና በአንድ ቀን እንደሚስተካከል ተናገረ፤ በእርግጥ ግን ተዳፋቱን ለማስተካከል የተነጠፈው ሴራሚክ ሁሉ መነሣት አለበት። እኔም ወደ ሳሎኑ ተመልሼ የመጋረጃውን ጫፍ ሰብሰብ ሳደርግ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ መስመር አገኘሁ። ስንጥቁ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል፤ ዓይን አይለየውም፣ ጣት ሲያልፍበት ግን ጠርዙ ይሰማል።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከየት እንደሚመጣ የከተማዋን ደቡብና ምሥራቅ ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከቦሌ ጠረፍ እስከ አቃቂ ቃሊቲ በሚዘልቀው ሜዳ ላይ በብዛት የተኛው መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ መሬቱም እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ ያረፈው ቤት ቀላል ከሆነና መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ካልወረደ፣ ወይም አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈርና በድንጋይ ካልተተካ፣ በየዓመቱ አንደኛው ጥግ ከሌላው ተለይቶ ከፍ ዝቅ ይላል። የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ መታጠፍ አያውቅም፤ ስለዚህ ደካማ በሆነበት በመስኮትና በበር ጥግ በኩል ይሰነጠቃል። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ሥር የሚያፈሰው ከሆነ፣ የቤቱ ዙሪያም በንጣፍ ካልተከበበ፣ ጉዳቱ ይፋጠናል። ይህን ሁሉ ለመከላከል የሚወጣው ገንዘብ መሬት ውስጥ የሚቀበር ስለሆነ በፎቶ አይታይም፤ ጂፕሰሙ ግን ይታያል።

እንግዲህ ጸሐፊው ከእነዚህ ሁለት ወጣቶች የትኛውን ምኞት እንዲተዉ ይፈልጋሉ? ንጹሕ ሳሎንና ብርሃን ያለው ወጥ ቤት መመኘት ነውር አይደለም። እነዚህ ልጆች ሥራ ከያዙ ጀምሮ ያጠራቀሙትን፣ ከዘመድ የተበደሩትንና ከባንክ የሚወስዱትን አንድ ላይ አድርገው የሚገዙት ቤት ነው፤ የሚከፍሉትም ለሚያምር ቤት ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚያሳድጉበት ቤት ነው። የጎደላቸው እንደ እናቲቱ ውሃ አፍስሶ ማየት ነበር። ትርኢቱ ያስተማራቸው ግን ደላላው ሊመልሰው የተዘጋጀበትን ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚህ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስቡበት፣ ወቀሳቸው ከገዢው ላይ ተነሥቶ ወደ ሻጩ በዞረ ነበር፤ የመሠረቱን ወጪ ቀንሶ የኮርኒሱን የጨመረ ቤት ሠሪ፣ እንዲህ ያለ ገዢ ባይኖር ኖሮ ቤቱን በዚያ ዋጋ አይሸጠውም ነበርና።

ሁለተኛው ነጥባቸው የቀደመው ሰው ጣሪያና ግድግዳ ይበቃው ነበር የሚለው ነው። ይህ በቀደሙት ሰዎች ላይ የተነገረ ትክክል ያልሆነ ነገር ይመስለኛል። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው፣ ባለቤቱ ምን ያህል መራጭ እንደነበረ ያስታውሳል። ቤቱ ከመተከሉ በፊት ክረምት ላይ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ይታያል፤ የማገሩና የምሰሶው እንጨት ምስጥ የማይበላው እንዲሆን ጽድ ይፈለጋል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪበስል ቀናት ይቆያል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም፤ የክዳኑ ጫፍ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታ ወጣ ተደርጎ ይሠራል። ያ ሰው በቃኝ ባይ ስለነበረ አልነበረም ቤቱ ቀላል የሆነው። የሚጠይቀው ብዙ ነበር፤ ጥያቄው ሁሉ ግን ቤቱ ከሚቆምበትና ከሚያቆመው ነገር ጋር የተያያዘ ነበር። ያ እውቀት ከጭቃ ወደ ብሎኬት ስንሸጋገር አብሮን አልመጣም፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ነው ቴሌቪዥኑ የሞላው።

ጸሐፊው ለዚህ ነጥባቸው ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕድለኞችን ነው፤ ባዶ ክፍል ተረክበው ያለ ማጉረምረም ገቡ ይላሉ። እኔ በርካታ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ከርክክብ በኋላ ሠርቻለሁ። ዕድለኛው ቁልፍ ተቀብሎ በሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሲሚንቶ ወለል፣ ያልተቀባ ግድግዳ፣ በር ያልተገጠመላቸው ክፍሎችና ጫፋቸው የተንጠለጠለ ሽቦዎች ናቸው። ሰዎቹ የገቡት የቤት ኪራይ ስላንገበገባቸው ነው እንጂ ስለበቃቸው አይደለም። አንዲት እናት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው ኮዬ ፈጬ ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ አንሶላ መስቀል ነበር። ለእኚህ ሴት በር መግዛት ቅንጦት ነው ለማለት የሚደፍር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ፊኒሺንግን በጅምላ የቴሌቪዥን በሽታ አድርጎ መቁጠር፣ ያላለቀ ቤት የተረከበን ሰው ያላለቀውን በመጨረሱ መውቀስ ይሆናል።

የዋጋውን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው በአዲስ አበባ ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሰው ቤት የሚጠብቅበት ከተማ ውስጥ ዋጋ የሚንረው ገዢው ጂፕሰም ስለወደደ ነው ማለት አይቻልም። መሬት በሊዝ የሚገኝ ነው፤ የሚቀርበውም ከሚፈለገው በታች ነው። ሴራሚኩ፣ የአልሙኒየሙ ጥሬ ዕቃ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መግጠሚያው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ ሲወርድ የእነዚህ ሁሉ ዋጋ አብሮ ወጥቷል። ገዢው ነጭ ግድግዳ መውደዱን ቢተው ከዚህ አንዱም አይለወጥም።

አራተኛው ነጥባቸው ስለ ክፍት ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤትን ከሳሎን ጋር ማገናኘት የባዕድ ፋሽን ነው፣ እንግዳ ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ማብሰል ባህላችን አይደለም ይላሉ። እዚህ ላይ ምክራቸው ለብዙ ቤት ልክ ነው፤ ምክንያታቸው ግን አይደለም። በክብ ጎጆ ቤት ምድጃው ከመካከል ነበር፤ ቤተሰቡም እንግዳውም በዙሪያው ይቀመጡ ነበር። ዛሬም ቡና የሚፈላው ሳሎን መሐል ነው። ስለዚህ በሰው ፊት ማብሰል ለእኛ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ የምናበስለው ምግብና ቤቱ የተሠራበት ቁስ በትርኢቱ ላይ ካሉት ጋር አይገጥሙም።

ሽንኩርት በደረቁ ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲገባበትና ቅቤው ሲነጠር የሚወጣው ሽታ ከሶፋው ጨርቅና ከመጋረጃው ለሳምንታት አይለቅም። እዚያ አገር በትርኢቱ ላይ ከምድጃው በላይ የሚታየው ጭስ ሳቢ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል፤ እኛ ዘንድ በብዛት የሚገጠመው ግን ቱቦው ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ ከ13 አምፔር በላይ ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ማከፋፈያው ይቀልጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሽቦው በጂፕሰም ተሸፍኖ ስለሚሄድ መጋሉን የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። ወጥ ቤቱን ክፍት አድርገው የሠሩ ደንበኞቼ በአብዛኛው ከዓመት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ሌላ ትንሽ ማብሰያ ሠርተዋል፤ ፊተኛው ሻይ ማፍያ ሆኖ ቀርቷል።

ግድግዳ የማፍረሱ ነገር ከዚህ ይብሳል። በአሜሪካና በካናዳ ትርኢቶች ላይ ባልና ሚስት መዶሻ ይዘው እየሳቁ ግድግዳ ሲያፈርሱ ይታያል። እዚያ አብዛኛው የመኖሪያ ቤት አጽሙ እንጨት፣ ገጹ የጂፕሰም ሰሌዳ ስለሆነ፣ የማይሸከም ግድግዳ በግማሽ ቀን ይነሣል፤ በውስጡ ያለው ሽቦና ቧንቧም በቀላሉ ይዛወራል። የእኛ ቤት ኮለንና ቢም (ቋሚና አግዳሚ ተሸካሚ) ያለው ኮንክሪት ነው፤ መካከሉ በብሎኬት የተሞላ ነው፤ የሽቦው ቱቦና የውሃው መስመር በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ተለስኖበታል። ከዚህም ሌላ በዳርቻው የሚገኙ ብዙ ቤቶች ያለ በቂ ኮለን ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን እንዲሸከም ሆነው የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ጀሞ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቤቱ ባለቤት ሳሎኑን ለማስፋት ባስጀመረው ሥራ ላይ ደርሼ፣ ሠራተኛው ቧንቧ ለማሳለፍ የኮለኑን ጎን ፈልፍሎ ሁለት ፌሮ አጋልጦ አግኝቼዋለሁ። ከላይ ሦስት ቤተሰብ ይኖራል። ኮለኑ የእነሱም ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ሕንፃውን የግልና የጋራ ብሎ የለየውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ክፍት ወጥ ቤትን ለመቃወም ከፈለግን ባህልን መጥራት አያስፈልገንም። ሽታው፣ ሽቦውና ኮለኑ ይበቃሉ፤ በእነዚህ ላይ ገዢውን ማስረዳት ይቻላል፣ በባህል ስም ሲወቀስ ግን የሚሰማ ወጣት የለም።

አምስተኛውን ነጥብ ሳነብ ከልቤ አዝኛለሁ። ጸሐፊው ትርኢቱ ላይ በሳምንት የሚያልቀው እድሳት እኛ ዘንድ ወራት የሚፈጀው በሠራተኛው ስንፍና ነው ብለዋል። ገዢውን ምኞት አበዛህ ብለው ሲወቅሱት፣ ራሳቸው ግን ትርኢቱን እንዳለ አምነውታል።

ስለ ትርኢቶቹ አሠራር በግልጽ የሚታወቀውን ላንሣ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጀመረው «ቼንጂንግ ሩምስ» ላይ ጎረቤታሞች ቤት ተለዋውጠው አንድ ክፍል በሁለት ቀን፣ በ500 ፓውንድ ይለውጡ ነበር፤ የአሜሪካው ቅጂ «ትሬዲንግ ስፔስስ»ም በሁለት ቀንና በ1 ሺህ ዶላር ያንኑ ያደርግ ነበር። በዚያ ሒሳብ ውስጥ የንድፍ ባለሙያዎቹ፣ የአናጢዎቹና የካሜራው ጓድ ክፍያ አልተቆጠረም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 በኤቢሲ የታየው «ኤክስትሪም ሜክኦቨር፡ ሆም ኤዲሽን» ደግሞ ቤተሰቡን ለእረፍት ልኮ ሙሉ ቤት በሰባት ቀን ያቆም ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቤት ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር፣ ቁሱም በብዛት በስጦታ የመጣ ነበር። ቤት ፈላጊዎች ሦስት ቤት አይተው አንዱን ሲመርጡ የሚያሳየው «ሀውስ ሀንተርስ»ም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት ተሳታፊ ቤተሰቧ ቤቱን አስቀድሞ ሊገዛ ተስማምቶ እንደነበር፣ አማራጭ ተብለው የቀረቡትም ለሽያጭ ያልወጡ የወዳጆቿ ቤቶች እንደነበሩ ተናግራለች፤ አዘጋጆቹም በግዢው ሂደት ላይ ርቀው የሄዱ ቤተሰቦችን እንደሚቀርጹ አምነዋል። ይህን ትርኢት ከእኛ ግንበኛ ጋር ማወዳደር ሚዛናዊ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ቁሱ ራሱ ነው። የእንጨት አጽምና የጂፕሰም ሰሌዳ ማድረቅ አያስፈልገውም፤ ኮንክሪት ግን ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ከተሞላ በኋላ ባሉት ቀናትም ያለማቋረጥ ውሃ መጠጣት አለበት። ልስኑም ሳይደርቅ ስቱኮና ቀለም ቢደረብበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን ይገፋዋል፤ ግድግዳው በክረምቱ ማብቂያ ልክ እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣል። ባለቤቱ በስልኩ የትርኢቱን ቪዲዮ እያሳየ «ኢንጂነር፣ እነዚህ በሳምንት ጨረሱ እኮ፣ እናንተ ገና ልስን ላይ ናችሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እሱ ቸኩሎ ያስቀባው ግድግዳ በመስከረም ሲላጥ የሚወቀሰው ግን ቀለም ቀቢው ነው።

ሥራ የሚያዘገየውስ ማነው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልስን የሚያቦካው ልጅ ሮቶው እስኪሞላ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ሴራሚክ የሚቆርጠው ይቆማል። ሲሚንቶ ሲጠፋ ግንበኛው ያለ ቀን ገቢ ይውላል፤ የሚበላውም በቀን ከሚያገኘው ነው። የቀን ሠራተኛው ከከተማው ውስጥ ተነሥቶ ኮዬ ፈጬ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይቀይራል፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። እኔ አብሬያቸው ከሠራኋቸው መካከል ደካማ ሠራተኛ አላየሁም አልልም፤ ነገር ግን ወለሉን በውሃ ልክ ሦስት ጊዜ ለክቶ ካልተስተካከለ አላነጥፍም ብሎ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሴራሚክ አንጣፊም አውቃለሁ። የተጣላውም ዘገየህ ተብሎ ነው። ጸሐፊው ስንፍና ያሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው።

የመጨረሻው፣ ትርኢቶቹን መተው ነው የሚለው መፍትሔያቸው፣ ከጊዜው ጋር የሚሄድ አይመስለኝም። አብዛኛው ገዢ የእድሳት ትርኢት ሙሉውን ተቀምጦ አያይም። የሚያየው በስልኩ የሚደርሰውን አጭር ቪዲዮ ነው፤ ደላላውና ቤት ሻጩ የትርኢቶቹን አቀራረብ ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። ካሜራው ከግቢው በር ይነሣል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ በሰፊው ሳሎን ዞሮ ኮርኒሱ ላይ ይቆያል፣ በመጨረሻ ዋጋና ስልክ ቁጥር ይወጣል። ከጣሪያው ሥር አይገባም፣ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን አይከፍትም፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን መሬት አያሳይም። ቴሌቪዥኑን ብንዘጋው ይህ አይዘጋም።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ገዢው የሚያየውን እንዲቀንስ አይደለም፤ የሚጠይቀውን እንዲጨምር ነው። ይህን ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ሲሞላ የተነሣ ፎቶ አለ ወይ ብሎ ሻጩን መጠየቅ ይቻላል፤ ዛሬ ስልክ የሌለው ፎርማን ስለሌለ፣ በአግባቡ የተሠራ መሠረት ብዙውን ጊዜ ፎቶ አለው። የአፈር ምርመራና የስትራክቸር ፕላን ማየት ይቻላል። የምጣዱ መስመር ከቆጣሪው ለብቻው መምጣቱን ኤሌክትሪሺያን በአሥር ደቂቃ ያረጋግጣል። ቤቱን በበጋ ብቻ ሳይሆን በነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የአሸንዳው፣ የግቢው ፍሳሽና የጎረቤቱ ጎርፍ ያኔ ራሱ ይናገራል። በአገራችን ቴሌቪዥን ስለ ቤት ልማት የሚዘጋጁ ዝግጅቶች አሉ፤ አዘጋጆቹ አንድ ቤት ሲያልቅ የቀረጹትን ሳሎን ከሁለት ክረምት በኋላ ተመልሰው ቢቀርጹት፣ ለገዢው ከብዙ ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። ይህን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አንድ ካሜራና አንድ ፎርማን ብቻ ነው።

ከላይ ያነሣኋቸው ባልና ሚስት ያንን ቤት ሳይገዙት ቀርተው አሁንም በኪራይ ቤት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደውለው ቂሊንጦ አካባቢ ሌላ ቤት እንደተገኘ ነገሩኝ። ሚስትየዋ ወጥ ቤቱ እንደ ፎቶዎቿ ሰፊ ባይሆንም መስኮቱን እንደወደደችው ነገረችኝ፤ ባልየው ደግሞ ከሻጩ የመሠረቱን ፎቶ አስቀድሞ ጠይቆ ዐሥራ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ተልኮለታል። እነዚያን ፎቶዎች ወደ እኔ አስተላልፎልኝ አይቻቸዋለሁ፤ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ የወጣበት ጥልቀት በሜትር ተለክቶ ይታያል። ቅዳሜ ጧት ከእናቲቱ ጋር አብረን ሄደን ቤቱን እናየዋለን።